ለደም ምርመራው ፍጠኑ፣ ለቢላው አትቸኩሉ

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። እህቴ ከወለደች ዛሬ 10 ቀኗ ነው። ሐኪሞቹ የሕፃኑን ብልት አይተው ወንድ ይሁን ሴት ለመናገር ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል አሉን። አንደኛው ሐኪም ‹ቶሎ በቀዶ ሕክምና ቢስተካከል ይሻላል፣ ሳያውቀው ያልፋል› አለ። ጀርመን ያለችው የአክስታችን ልጅ ደግሞ ‹እንዳታስነኩት! እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ አካሉ ከተለመደው ወንድ ወይም ሴት ለየት ብሎ የተወለደ ልጅ ኢንተርሴክስ ይባላል፣ የሰብአዊ መብት ጉዳይ ነው› ትላለች። እናታችን ክርስትናው በ40 ይሁን በ80 እያለች ታለቅሳለች። ሰው ‹ምን ወለደች?› ሲለን መልስ አጥተናል። ማንን እንስማ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለእህትሽ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በይልኝ። ቤቱ በጭንቀት ተውጦ ይህን ያላት ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ልጅ ተወልዷል፤ ደስ ሊላችሁ ይገባል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የሕፃኑ ደም ተመርምሯል? ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ስኳር ታይቷል? ካልታየ ንባቡን እዚህ አቁሚና ዛሬውኑ የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ለነገ አትበሉ። የቀረውን ተራ ስትጠብቁ ታነቢዋለሽ።

ለምን እንደምቸኩል ልንገርሽ። ከኩላሊታችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሰውነት ጨው እንዳያባክን የሚያደርገው አልዶስቴሮንም የሚመጣው ከነሱ ነው። አንዳንድ ሕፃናት እነዚህን ለመሥራት የሚያስፈልግ ኢንዛይም ይጎድላቸዋል። ቦዩ ሲደፈን ውሃው በጎን እንደሚወጣ ሁሉ፣ ዕጢው ያንን መሥራት ሲያቅተው የወንድ ሆርሞን በብዛት ያመርታል። ኤክስ-ኤክስ ክሮሞዞም ያላት፣ ማኅፀንም ያላት ሕፃን ገና ሳትወለድ ይህ ሆርሞን ከበዛባት ብልቷ የወንድ ይመስላል። በሽታው ኮንጀኒታል አድሬናል ሃይፐርፕላዥያ ይባላል፤ እኛ በአጭሩ ሲኤኤች እንለዋለን። ከ15,000 ያህል ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል።

የብልቱ መልክ ማንንም አይገድልም። የሚገድለው የጨው ማለቅ ነው። ከባዱ ዓይነት ሲሆን ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ምልክቱ ይጀምራል። ሕፃኑ መጥባት ይቀንሳል። ያስመልሰዋል። ክብደት መጨመር ሲገባው ይቀንሳል። ይዝላል፣ ለመጥባት እንኳ አልነቃ ይላል። ከዚያ በድንገት ይወድቃል። ቤተሰብ «ሆዱን ብርድ መቶት ነው» ይላል፤ «ዓይን ነው» የሚልም አይጠፋም። ጤና ጣቢያም ኢንፌክሽን ነው ብሎ ሊያክመው ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በደም ሥር ፈሳሽና በሃይድሮኮርቲሶን ይድናል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ ያድጋል፣ ይማራል፣ ይሠራል።

የእናንተ ልጅ ሲኤኤች አለበት ማለቴ አይደለም። ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ነገር ግን ሐኪሙ ብሽሽቱንና የፍሬ ከረጢቱን ዳስሶ አንድም ፍሬ ካላገኘ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ሲኤኤች ነው ብሎ ማሰብ አለበት። የሆርሞኑና የክሮሞዞሙ ምርመራ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የጨውና የስኳሩ ግን በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል። አልትራሳውንድም ማኅፀን መኖር አለመኖሩን ለማየት ይረዳል። እናንተ የጻፋችሁልኝ ሐኪም ስለ ቢላ ሲያወራ ስለ ጨው ምንም አለማለቱ አስደንግጦኛል። የሚቸኮልበትና የሚቆይበት ቦታ ተለዋውጦበታል።

ለመቸኮል የሚገባ ቀዶ ሕክምናም አለ። ሽንት የሚወጣበት መንገድ ከተዘጋ ይከፈታል። ፊኛ ከሆድ ውጭ ሆኖ ከተወለደ ይገባል። ይህን የሚቃወም አንድም የመብት ተሟጋች አላውቅም። ጥያቄው ያለው ሌላው ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። ቂንጥሩ ተልቋል ተብሎ ማሳነስ፣ ለሕፃን ልጅ የሴት ብልት መንገድ መሥራት፣ ጤነኛ የዘር ዕጢ «ከጾታው ጋር አይሄድም» ብሎ ማውጣት። እነዚህ ልጁን ከሞት አያድኑትም። የሚደረጉት መልኩ «የተለመደ» እንዲሆን ነው።

ጉዳታቸውን ግን ሰውየው ወይም ሴትየዋ ዕድሜ ልክ ይሸከሙታል። ነርቭ ይቆረጣል፤ ስሜት ይጠፋል። ጠባሳው ይጠነክርና ሌላ ቀዶ ይመጣል፣ ከዚያም ሌላ። በሕፃንነት የተሠራ ብልት መልሶ እየጠበበ በመሣሪያ እንዲሰፋ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ይህ በልጅ ላይ ሲደረግ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የዘር ዕጢ ከወጣ ደግሞ መውለድ ቀረ፤ ሆርሞንም ዕድሜ ልክ በመድኃኒት ሆነ። ከዚህ ሁሉ በላይ የተመረጠው ጾታ ሊሳሳት ይችላል።

በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና አንድ ሕፃን በ2006 ገና በ16 ወሩ ሴት እንዲመስል ተደርጎ ቀዶ ተደረገለት። ያኔ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ነበር። ልጁ አድጎ «ወንድ ነኝ» አለ። የተቆረጠውን መመለስ የሚችል ሐኪም የለም። አሳዳጊዎቹ በ2013 ከሰሱ፤ በ2017 ጉዳዩ በ440,000 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት የሀገራችን አዋጅ ካልሆነ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ አገር ይህን ጉዳይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሴት ልጅ ግርዛት ጎጂ ነው እያልን ስንት ዓመት አስተማርን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 565 ያስቀጣል። አያቶቻችን ሲቆርጡ ክፋት አስበው አልነበረም፤ ልጅቷ ባል እንድታገኝ፣ ሰው እንዳይስቅባት ብለው ነው። ሐኪሙም የሚለው ይህንኑ ነው። ያው አካል ነው የሚቆረጠው። ማደንዘዣና ንጹሕ ክፍል መኖሩ ኢንፌክሽንን ያስቀር ይሆናል። ልጅቷ አለመጠየቋን ግን አያስቀርም።

ያ ሐኪም ግን ክፉ ሰው ነው ብላችሁ አትያዙት። የተማረውን ነው የነገራችሁ። ይህ ትምህርት በ1950ዎቹ ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጾታ ይመረጥለት፣ አካሉ በቀዶ ይስተካከል፣ ቤተሰቡ ሳያወላውል በዚያ ያሳድገው፣ እሱ ግን እውነቱን አይወቅ። ለአርባ ዓመት ያህል ብዙም ጠያቂ አልነበረውም።

የጠየቁት ያደጉት ልጆች ራሳቸው ናቸው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተሰባስበው መናገር ጀመሩ። በጥቅምት 26 ቀን 1996 ቦስተን ላይ የሕፃናት ሐኪሞች ጉባኤ በር ላይ ቆሙ። ቀኑ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የኢንተርሴክስ ሰዎች ቀን ሆኖ ይታሰባል። ያሉት ነገር ቀላል ነበር፦ እኛ ሕሙማናችሁ ነን፤ ያደረጋችሁልን ነገር ጎድቶናል፤ ስሙን። ሙያችን ለመስማት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በ2006 የወጣው የሐኪሞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥንቃቄን መከረ፤ ክልከላ ግን አልነበረም። በ2020 የቺካጎው ሉሪ የሕፃናት ሆስፒታል በቀደሙት ቀዶ ሕክምናዎች ለተጎዱት ይቅርታ ጠየቀ።

የአክስታችሁ ልጅ ያለችው የጀርመን ነገር እውነት ነው። ክርስቲያነ ፎሊንግ የምትባል ነርስ አለች። ሲኤኤች ይዟት ተወልዳ፣ ወንድ ነው ተብላ ያደገች ናት። በ1977፣ በ18 ዓመቷ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሆዷን ሲከፍት ማኅፀንና እንቁላል ዕጢ አገኘ። አወጣው። ሴት መሆኗን ያወቀችው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከሰሰችው፤ የኮሎኝ ፍርድ ቤትም በ2008 ፈረደላት፣ በ2009 የ100,000 ዩሮ ካሳ ወሰነላት። ይህን ታሪክ ለእናታችሁ ንገሯት። በደሉ የተፈጸመው ገና ሕፃን ሳለች እንኳ አልነበረም። ቆማ የምትጠየቅ ወጣት ነበረች፤ አልጠየቋትም።

በጀርመን ከግንቦት 2021 ጀምሮ የሕፃኑን አካል ወንድ ወይም ሴት ለማስመሰል ብቻ የሚደረግ ሕክምና የተከለከለ ነው። ሊቆይ የሚችል ሌላ ቀዶ ሲታሰብ ወላጆች የቤተሰብ ፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ልጁ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ማንንም መጠበቅ የለም። ከሁሉ የወደድኩት የሕጉ ክፍል የሕክምና መዝገብን የሚመለከተው ነው። መዝገቡ ሰውየው 48 ዓመት እስኪሞላው መቀመጥ አለበት። ብዙ አዋቂዎች ምን እንደተደረገባቸው ለማወቅ ሆስፒታል ሄደው «ፋይልህ ተወግዷል» ተብለዋልና ነው። ሕጉ ቀዳዳ የለውም አልልም። «ለማስመሰል ብቻ» የሚለው ቃል ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ጨምሮ እንዲያልፍ መንገድ ይተዋል ብለው ኢንተርሴክስ ሰዎቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ በሕግ የከለከለችው ትንሿ ማልታ ናት፣ በሚያዝያ 2015። ፖርቱጋል፣ አይስላንድ፣ ግሪክና ስፔን ተከተሉ። ፍርድ ቤት በኩል ደግሞ ኮሎምቢያ ሁሉንም ቀድማለች፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ1999 በዚህ ጉዳይ የወላጅ ተራ ፈቃድ አይበቃም አለ። በሚያዝያ 2024 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት ስለ ኢንተርሴክስ ሰዎች የመጀመሪያውን ውሳኔ አሳለፈ። 24 አገሮች ደገፉ፣ 23 ድምፅ አቀቡ፣ የተቃወመ የለም። ሐሳቡን ካቀረቡት አራት አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ከ2005 ጀምሮ ኢንተርሴክስነትን በእኩልነት ሕጓ ውስጥ ያስገባች አገር ናት። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም በመጋቢት 2023 የራሱን ውሳኔ አውጥቷል። ስለዚህ «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

ለእናንተ ይበልጥ የሚቀርበው የኬንያ ታሪክ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ2009 ናይሮቢ ውስጥ አንዲት እናት እንደ እህትሽ ወለደች። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ «ጾታ» የሚል ሳጥን አለ። ወንድ ወይም ሴት ተብሎ በሚጻፍበት ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት ተደረገ። በቃ፣ «?»። ያ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት አላገኘም። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይቸገራል፣ መታወቂያ ሲያወጣ ይቸገራል፣ በመንግሥት ዓይን የለም ማለት ነው። እናትየው ዝም አላለችም። የልጇን ስም ደብቃ፣ «ሕፃን ኤ» ብላ መንግሥትን ከሰሰች። በታኅሣሥ 2014 ዳኛ አይዛክ ሌናኦላ ፈረዱ። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚመዘግበው የትኛው አካል እንደሆነ፣ ሕክምናቸውም በምን መመሪያ እንደሚመራ መንግሥት ለፍርድ ቤቱ እንዲያሳውቅ አዘዙ።

ከዚያ የመጣውን ተመልከቺ። በ2017 ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል ተቋቋመ። በ2019 የሕዝብ ቆጠራ ከወንድና ከሴት ሌላ ኢንተርሴክስ የሚል ምርጫ ገባ፤ 1,524 ሰዎች ተቆጠሩ። ቁጥሩ ከእውነተኛው በብዙ ያነሰ እንደሆነ አልጠራጠርም። ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ የቤቱ አባወራ ደብቆት የኖረውን ነገር አውጥቶ አይነግረውም። ቢሆንም መንግሥት «አሉ» ብሎ በቁጥር አመነ። በ2022 የወጣው የሕፃናት ሕግ ደግሞ ኢንተርሴክስ ልጅን በስም ጠርቶ፣ በክብር የመያዝና ተገቢውን ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። የጄኔቲክስ ሐኪም ምክር ሳይኖር አካሉን መለወጥ ወይም ማውጣትንም ከለከለ። ይህ ሁሉ የጀመረው አንዲት እናት በወረቀት ላይ ያየችውን ምልክት እንቢ ስላለች ነው። እኔ ይህቺን ሴት አከብራለሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ኢንተርሴክስ ልጆች ለብቻው የወጣ ሕግ የለም። ባዶ ሜዳ ላይ ናችሁ ማለት ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 16 ማንም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። በአንቀጽ 36 ደግሞ ስለ ሕፃናት ሲወሰን የልጁ ደኅንነት ቀድሞ እንዲታይ ያዛል። የሕፃናት መብቶች ስምምነትንም ከ1991 ጀምሮ ተቀብለናል። ለአንድ ሐኪም «ይህ ቀዶ ለልጁ ጤና ነው ወይስ ለእኛ እፍረት?» ብላችሁ ለመጠየቅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ጠይቁት። ባይደረግ ምን ይሆናል? ልጁ 15 ዓመት እስኪሞላው ብንቆይ ምን ይጎዳል? ስሜቱን የመጉዳት ዕድሉ ምን ያህል ነው? በጽሑፍ ይመልስላችሁ። «ሰው ምን ይላል» የሚል መልስ ከሰጣችሁ የሕክምና ምክንያት የለውም ማለት ነው።

የዘር ዕጢ ላይ ግን ልጠንቀቅ። አንዳንድ ሁኔታዎች ላይ ዕጢው ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ያኔ ቶሎ ማውጣት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሰውነት የወንድ ሆርሞንን ፈጽሞ በማይቀበልበት ሁኔታ ግን ከጉርምስና በፊት ያለው አደጋ ዝቅተኛ ነው፤ መጠበቅ ይቻላል። ስለዚህ «ካንሰር ይሆናል» ሲባል የትኛው ምርመራ አሳየ ብላችሁ ጠይቁ። ምርመራው ስም ሳይሰጠው ዕጢ አይወጣም።

አሁን ወደ እናታችሁ ጭንቀት። መብቱ ይከበር ማለት ልጁን ያለ ጾታ አሳድጉት ማለት አይደለም። የዓለም ኢንተርሴክስ ተወካዮች በ2013 ማልታ ላይ ተሰብስበው ያወጡት መግለጫ ራሱ ልጆቹ ወንድ ወይም ሴት ተብለው ይመዝገቡ ይላል። አድገው ሌላ ሊሉ እንደሚችሉ እያወቃችሁ ብቻ። ውጤቱ ሲሟላ ሐኪሞቹ የተሻለውን ይመክሯችኋል። ለምሳሌ ሲኤኤች ያለባቸውና ኤክስ-ኤክስ የሆኑት ብዙዎቹ ሴት ተብለው ያድጋሉ፣ አብዛኞቹም ሴት ነን ይላሉ። ሌላ የኢንዛይም ችግር ያለባቸው ደግሞ ሴት ተብለው አድገው በጉርምስና ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ብዙዎቹም ወንድ ሆነው ይኖራሉ። ወንድ ወይም ሴት ብሎ ለማሳደግ ቢላ አያስፈልግም። ስምና ፍቅር ይበቃል።

የልደት ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት 90 ቀን ይሰጣችኋል። ነገ ሮጣችሁ ክፍለ ከተማ መሄድ የለባችሁም። ክርስትናው ላይ ለንስሐ አባታችሁ በግል፣ በግልጽ ንገሯቸው፤ ከአርባው ቀን በፊት ብዙ ነገር ሊጠራ ይችላል። ስም ካስቸገራችሁ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ሞልቷል፦ ደስታ፣ ቃልኪዳን፣ በረከት። ለአራስ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ገንፎውን እየበላ «ምን ወለደች?» ሲል «ልጅ ወለደች፣ እግዚአብሔር ይመስገን» በሉት። ደግሞ ከጠየቀ መልሳችሁ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወንድ ሊሆን ይችላል ብላችሁ በስምንተኛው ቀን ካላስገረዛችሁት ጥሩ አድርጋችኋል፤ አሁንም እንዳታስገርዙት። የሽንት ቀዳዳው ከቦታው ዝቅ ብሎ ከሆነ ያ ቆዳ ወደፊት ለጥገና ሊያስፈልግ ይችላል።

ዳይፐሩን የሚቀይሩት ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው አይብለጡ። ሆስፒታል ስትሄዱ ሐኪሙ ተማሪዎችን ሰብስቦ «ኑ እዩ» ካለ እምቢ የማለት መብት አላችሁ። ፎቶም ያለ እናትየው ፈቃድ አይነሳም። ይህን የምለው በሥራዬ ያገኘኋቸው አዋቂዎች ከቀዶው ጠባሳ እኩል የሚያነሱት ይህንኑ ስለሆነ ነው። አንዲት ሴት የነገረችኝ አይረሳኝም። በልጅነቷ አልጋ ላይ ተኝታ የምታየው ነጭ ጋዋን ብቻ ነበር። ፊቷን ያየ፣ ስሟን የጠየቀ አልነበረም። ዛሬም የጥርስ ሐኪም ጋ ለመሄድ ትፈራለች።

ለልጁም አትደብቁት። በዕድሜው ልክ፣ በጥቂት በጥቂቱ ንገሩት። ትንሽ ሲሆን «ሰውነትህ የተሠራው ትንሽ ለየት ብሎ ነው፣ ምንም አላጠፋህም» ማለት ይበቃል። ከፍ ሲል የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን ጥቅም ይወቅ። ከሰፈር ልጅ አፍ ከሚሰማው ከእናቱ ይስማው።

ስለ እርግማንም ሰምታችሁ ይሆናል። የእናት ኃጢአት አይደለም፣ የአባትም። እህትሽ ነፍሰ ጡር ሳለች የበላችው ወይም ያየችው ነገር አላመጣውም። የተባበሩት መንግሥታት በሚጠቅሰው ግምት ከሕዝብ ከ0.05 እስከ 1.7 በመቶ የሚሆነው ከነዚህ ልዩነቶች አንዱን ይዞ ይወለዳል። ሰፊ ግምት የሆነው ምን ምን ይቆጠር የሚለው ላይ ባለሙያዎች ስለማይስማሙ ነው። ሲወለድ በዓይን የሚለየው ጥቂቱ ነው። ብዙዎቹ በ16 ዓመታቸው የወር አበባ አልመጣ ሲላቸው ያውቁታል፤ ጨርሶ ሳያውቁት የሚኖሩም አሉ። ጥንትም ነበሩ። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ስለ ውርሳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጽፈዋል። ከግብረ ሰዶም ጋር የሚያያይዝባችሁ ካለ ደግሞ ይህ የተወለዱበት አካል እንጂ ማንን እንደሚወዱ የሚመለከት ነገር እንዳልሆነ ንገሩት። የ10 ቀን ልጅ ነው።

እኛ ሩጫ የምንወድ ሕዝብ ስለሆንን የደቡብ አፍሪካዊቷን ሯጭ የካስተር ሴሜንያን ስም ሁላችንም እናውቃለን። በ2009 በርሊን ላይ በ800 ሜትር ስታሸንፍ ገና 18 ዓመቷ ነበር። የአካሏ ምስጢር ግን በዓለም ጋዜጣ ላይ ተበተነ። ስለ ውድድር ፍትሐዊነት መከራከር ይቻላል። የአንዲትን ወጣት የሕክምና ውጤት አደባባይ ማውጣት ግን ምንም ዓይነት ክርክር አያጸድቀውም። በሐምሌ 2025 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በሴት ሯጮች የሆርሞን ደንብ ላይ ያቀረበችው ክርክር ስዊዘርላንድ ውስጥ በአግባቡ አልታየላትም ብሎ ፈርዷል።

በመጨረሻ ስለ መድኃኒት። ስለ መብት ሲወራ ሁልጊዜ ስለ ቀዶ ይወራል፤ በእኛ አገር ግን ሌላው ግማሽ ይረሳል። ልጁ ሲኤኤች ከሆነ ሃይድሮኮርቲሶንና ፍሉድሮኮርቲሶን በየቀኑ ይፈልጋል። ሁለቱም በዓለም የጤና ድርጅት የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው፤ እኛ ጋ ግን እንደ ልብ አይገኙም። ለአንድ ሳምንት ቢቋረጥ ልጁን ሊገድለው የሚችል መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ እየተዞረ መፈለጉ እኔን ከሁሉ በላይ ያናድደኛል። አካሉን አትቁረጡ ብለን መድኃኒቱን ካልሰጠነው ምን መብት አከበርንለት?

ስለዚህ የአክስታችሁን ልጅ ስሟት፣ ሥራም ስጧት። ሐኪሙ ማዘዣውን ይጻፍ፤ እሷም ጀርመን ያለ የሕፃናት የሆርሞን ሐኪም አማክራ በሕጋዊ መንገድ መላክ ይቻል እንደሆነ ትጠይቅ። እናንተ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ወር ትርፍ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ወይም ሲያስመልሰው መጠኑ ስንት እንደሚጨመር፣ መቼ በመርፌ እንደሚሰጥ ሐኪሙ በአማርኛ ጽፎ ይስጣችሁ። አንዱን ኮፒ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፤ ሌላውን እህትሽ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዘው።